የነገን ቀን በጠመኔ የጻፉት የአቶ ኒኒያን ካርስዌል ዜና ሕይወት

ዘመድ ወዳጆች፣ የሸለቆው ሰዎችና የቀድሞ የክለባችን ተጫዋቾች፤ ይህ ጽሑፍ በሟቹ በራሳቸው ትእዛዝ የተጻፈ ሲሆን፣ የሚያነበው የእህታቸው ልጅ ግሬም አንዲት መስመር እንዳይዘል አልጋቸው አጠገብ ቆሞ ምሏል። ግማሹ ደስ ይላችኋል። የቀረውን አንባቢው ራሱ ባያነበው በወደደ ነበር፤ ግን ምን ያድርግ፣ ምሏል።

አቶ ኒኒያን ካርስዌል ከአባታቸው ከአቶ ራናልድ ካርስዌልና ከእናታቸው ከወይዘሮ ጂን ሞፋት እ.ኤ.አ. በ1898 በስኮትላንድ ከሰል አገር ተወለዱ። ዘጠኝ ዓመት ሲሞላቸው ከወላጆቻቸው ጋር ባሕር ተሻግረው ወደዚህ ወደ ምዕራብ ፔንሲልቬንያ፣ ወደ ዶብሰን ሸለቆ መጡ። እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምረው በአሥራ አራት ዓመታቸው ከአባታቸው ጋር ማዕድን ጉድጓድ ገቡ፤ ከሦስት ዓመት በኋላም የጉድጓዱ ጣሪያ በአባታቸው ላይ ተንዶ ሬሳቸውን ያወጡት እርሳቸው ነበሩ። ከዚያ ወዲያ በእርሳቸው ቸልታ ማንም እንዳይሞት ለእናታቸው ቃል ገብተው፣ በሥራ የደከመ ዓይናቸውን ከመጽሐፍ ሳይነቅሉ አጥንተው፣ ፈተናውን በአንደኛነት አልፈው የጋዝ መርማሪ ሆኑ።

የመርማሪን ሥራ ለማታውቁ ወጣቶች፦ ፈረቃው ከመግባቱ በፊት መርማሪው ብቻውን ይወርዳል፤ ጎብጦ ከክፍል ክፍል እየሄደ የፋኖሱን ነበልባል ያያል፤ ነበልባሉ ከረዘመ ጋዝ አለ ማለት ነው፤ ንጹሕ ከሆነ የስሙን መነሻ ፊደላትና የዕለቱን ቀን በከሰሉ ግድግዳ ላይ በጠመኔ ይጽፋል። ያንን ጽሕፈት ሳያይ የሚገባ ቆፋሪ የለም። በዚህ ሸለቆ ከኒኒያን ጠመኔ በላይ የሚታመን ጽሑፍ እንዳልነበረ ይነገር ነበር፤ ቄሱም ይህን ሰምተው አልተቆጡም።

በ1922 ወይዘሮ ኢሶቤል ደንባርን አግብተው ሁለት ሴቶች ልጆች አፈሩ። እንግዲህ ስለ ኳሱ ካልተነገረ የእርሳቸው ሕይወት ተነገረ አይባልም። የአገሪቱ ጥሎ ማለፍ ዋንጫ ከተጀመረበት ከ1914 ጀምሮ የብረት ፋብሪካው፣ የመርከብ መሥሪያውና የፈትል ፋብሪካው ክለቦች ከባሕር ማዶ ተጫዋች እያስመጡ ሲፎካከሩ፣ ዶብሰን ሮቨርስ የሚያሰልፈው ከጉድጓድ ወጥቶ ፊቱን በቅጡ ያልታጠበ ቆፋሪ ነበር። ሜዳችን የከሰል ዝቃጭ የተደለደለበት ስለሆነ የወደቀ ሰው ጉልበት እስከ ዛሬ ጥቁር ነው፤ ከመካከላችሁ ሱሪውን ሰብስቦ የሚያሳይ አይጠፋም። አቶ ኒኒያን ጣቶቻቸው እስኪሰበሩ በረኛ፣ ከዚያም ጸሐፊ ሆነው አገለገሉ፤ በ1927 የክልሉን ዋንጫ ስናገኝም በየቤቱ አንድ አንድ ሳምንት እየተቀመጠ ሸለቆውን እንዲዞር ያደረጉት እርሳቸው ናቸው።

በ1931 መጋቢት ላይ ክለባችን በአገሪቱ ዋንጫ ከዚያ በፊት ደርሶበት ከማያውቀው ዙር ደረሰ። በሜዳችን እኩል ለእኩል ወጣን፤ ድጋሚው በሰሜን ባለች ሩቅ ከተማ እሑድ እንዲደረግ ተወሰነ። አውቶቡሱ ቅዳሜ በሰባት ሰዓት ሊነሣ፣ የከሰዓቱ ፈረቃም በዚያው ሰዓት ሊገባ ነው። ምክትል መርማሪው ታሟል፤ የመርማሪው ዙር ሁለት ሰዓት ይፈጃል፤ ያን ጠዋት ተጫዋቾቹን ሰብስቦ አውቶቡሱ ላይ የሚያሳፍረው ጸሐፊው ነው፤ የተጫዋቾቹን መዝገብ የያዘው ጸሐፊ ካልተገኘ ደግሞ ዳኛው ጨዋታውን አያስጀምርም።

በዚያው ሳምንት አጥቂያችን አቶ አንድሬይ ሆሉብ ወደ ክለቡ ቢሮ መጡ። በመኸር ወቅት ለሌላ ክለብ በዚሁ ዋንጫ አንድ ጊዜ ተሰልፈው ስለነበር ደንቡ ለእኛ እንዳይጫወቱ ይከለክላቸዋል። በሌላ ሰው ስም ማሰለፍ ብዙ ክለብ የሚያደርገው ነገር ነበር።

«ኒኒያን፣ በአጎቴ ልጅ ስም አሰልፈኝ። እዚያ ማን ያውቀኛል?»

«ያልሆነውን ሆነ ብዬ አልፈርምም፤ ዋንጫው ቢቀር ይቅር።»

«እሺ ጌታዬ! እናንተ ስትጫወቱ እኔ ከሰሌን እቆፍራለኋ። ብቻ ተሸንፋችሁ እንዳትመጡ፣ በር የሚከፍትላችሁ የለም!» ብለው አቶ አንድሬይ እየሳቁ ወጡ።

ወገኖች፣ ልብ በሉ። ለዋንጫው መዝገብ ይህን ያህል ይጠነቀቁ የነበሩት ሰው፣ አርብ ፈረቃው ወጥቶ ጉድጓዱ ባዶ ሲሆን ተመልሰው ወረዱ፤ ሩቅ ወዳሉት ሁለት የመጨረሻ ክፍሎች ሄደው ነበልባሉን አዩ፤ ንጹሕ ነበር። ጠመኔውን አውጥተው የስማቸውን መነሻ ፊደላት ጻፉ። ከሥሩ የአርብን ሳይሆን የቅዳሜን ቀን ጻፉ።

ቅዳሜ ጠዋት ሰማዩ ከበደ። የአየር ግፊት ሲቀንስ ጋዝ ከከሰሉ ውስጥ እንደሚወጣ ጀማሪ ቆፋሪ እንኳ ያውቃል፤ የጉድጓዱ ቢሮ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው የአየር ግፊት መለኪያ መርፌ ወርዶ ወርዶ ታች ደርሶ ነበር። አቶ ኒኒያን መርፌውን አዩት። አይተው፣ ቅርብ ያሉትን ክፍሎች ብቻ መርምረው፣ የምርመራው መዝገብ ላይ ሁሉም ንጹሕ ነው ብለው ፈርመው፣ አውቶቡሱ ላይ ወጡ።

እሑድ ሁለት ለአንድ አሸነፍን። ልጆቹ ልብሳቸውን እየቀየሩ ሲዘፍኑ ቴሌግራም መጣ። ቅዳሜ በከሰዓቱ ፈረቃ በመጨረሻው ክፍል ውስጥ የከሰል መቁረጫው ማሽን ብልጭታ ጋዙን አቀጣጥሎት ነበር፤ የአቶ አንድሬይ የሥራ ባልደረባ የጣሪያ ድጋፍ እንጨት ሊያመጣ ወጥቶ ስለነበር ተረፈ፤ አቶ አንድሬይ ግን በሠላሳ ዓመታቸው አረፉ።

አደጋውን የሚመረምር ጉባኤ ተቀመጠ። ጠመኔው ግድግዳው ላይ አለ፤ ቀኑም ልክ ነው። እንግዲህ ክፍሉ ንጹሕ ከነበረ ጋዙ ሊጠራቀም የቻለው ሟቹ ንጹሕ አየር ወደ ክፍሉ የሚመራውን የሸራ መጋረጃ በስንፍና ክፍት ትተውት ነው ተብሎ ተፈረደ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ቬሮና ካሳ ተከለከሉ፤ ከማዕድን ኩባንያው ቤትም ከሁለት ልጆቻቸው ጋር ወጡ። ሆሉብ የሚለው ስም በዚህ ሸለቆ የሰነፍ መሳደቢያ ሆነ፤ እዚህ ከተቀመጥነው ያልተሳደበበት ማነው? አንባቢውም በልጅነቱ ተሳድቦበታል። አቶ ኒኒያን ጉባኤው ፊት ቆመው «የኔ ጽሕፈት ነው» አሉ፤ ሌላ ነገር አልተጠየቁም፤ አልተናገሩምም።

በቀጣዩ ዙር ተሸነፍን። አቶ ኒኒያን ከመርማሪነት ለቀው አካፋ ይዘው ከሰል ጫኝ ሆኑ፤ ሰው ኀዘን ነው አለ። ሥራ ጠፋ፣ ትልልቆቹ ክለቦች አንድ በአንድ ፈረሱ፤ የኛም ጉድጓዱ በ1949 ሲዘጋ አብሮ ተዘጋ። አቶ ኒኒያን በየክረምቱ በወይዘሮ ቬሮና በር ላይ ከሰል ያስቀምጡ ነበር። ባለቤታቸው ወይዘሮ ኢሶቤል በ1958 እስኪያርፉ ድረስ ከሰሉ ለምን እንደሚቀመጥ አያውቁም ነበር። በመጨረሻም የከሰል አቧራ የአቶ ኒኒያንን ሳንባ ደፍኖት ሦስት ዓመት ሙሉ ተቀምጠው አደሩ፤ መተኛት አይችሉምና። ባለፈው ሰኞ በሰባ አንድ ዓመታቸው ዐረፉ።

ሐሙስ ዕለት አንባቢው ይህን ወረቀት ይዞ ወደ ወይዘሮ ቬሮና ሄደ፤ ሳይሰሙት በአደባባይ ማንበብ ነውር መስሎታልና። እርሳቸው ግን እስከ መጨረሻው እንኳ አላስነበቡትም።

«አውቃለሁ፣ ልጄ» አሉ። «ቤታችን ከጉድጓዱ አፍ ትይዩ አልነበር? ያን ቅዳሜ ዝናብ መጣ ብዬ ያሰጣሁትን ልብስ ሳነሣ ሲገባ አየሁት፤ አጣጥፌ ሳልጨርስ ወጣ። አርባ ደቂቃ! እዚያ የመጨረሻው ክፍል ደርሶ በአርባ ደቂቃ የሚመለስ ሰው አለ? ለጉባኤው ተናግሬ ነበር፤ ያኔ እንግሊዝኛ አላውቅ፤ አስተርጓሚው የኩባንያው ሰው ነው፣ ዋጠው።»

«ታዲያ እማማ፣ ይህን ሁሉ ዓመት ለምን ዝም አሉ?»

«ራሱ እንዲለው እጠብቅ ነበር። ከሰሉን አስቀምጦ ሲሄድ በመስኮት አየዋለሁ፤ ዛሬ ያንኳኳል እላለሁ፤ አያንኳኳም። ሠላሳ ስምንት ክረምት! አንብበው። ጮክ ብለህ አንብበው። የኔ አንድሬይ መጋረጃውን ዘግቶ ነበር።»

ስለዚህ ጮክ ተብሎ ይነበባል፦ አቶ አንድሬይ ሆሉብ መጋረጃቸውን ዘግተው ነበር።

አቶ ኒኒያን ካርስዌል የሁለት ሴቶች ልጆች አባትና የአምስት ልጆች አያት ነበሩ፤ እኅታቸውም በሕይወት አሉ። እግዚአብሔር አምላክ በግፍ ስማቸው የጠፋውን የአቶ አንድሬይ ሆሉብን ነፍስ ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን፤ እዚህ ፊት ለፊት ለተቀመጡት ለወይዘሮ ቬሮናና ለልጆቻቸውም መጽናናትን ይስጥልን፤ አሜን በሉ።

ለአቶ ኒኒያን ነፍስ የሚጸለየውን በተመለከተ፣ አንባቢው ከመሄዱ በፊት ወይዘሮ ቬሮናን ጠይቋቸው ነበር። «እኔ ገና አልቻልኩም፤ የቻለ ይጸልይለት» ብለዋል። እንግዲህ የቻላችሁ ተነሡ፤ ያልቻላችሁ ተቀመጡ፤ ማንም ዞሮ ማንንም አይመልከት።