የችኮላ ክሳት

ልብስ ሰፊው በወጣትነቱ ከቅጥነቱ የተነሣ «ጋሽ መርፌ» ተባለ። ዘመን ሲያልፍ ሥጋው ጨመረ፤ ስሙ ግን እንዳለ ቀረ። ልጁ ልትመረቅ አንድ ወር ሲቀራት የድሮ ሙሉ ልብሱን ቢሞክረው ቁልፉ ከቀዳዳው አልደርስ አለ። የደንበኛ ሁሉ ልብስ ሲያሰፋ የኖረ ሰው የራሱን ማስፋት ውርደት መሰለውና በሎሚ ውሃና በአንድ ብርቱካን መዋል ጀመረ።

በዐሥረኛው ቀን ወደ ሱቁ ሲወጣ ዓይኑ ጭልም ቢልበት ደረጃው ላይ ቁጭ አለ። ነርሷ የእህቱ ልጅ ከሥራ ስትመለስ እዚያው አገኘችው።

«ጋሼ፣ ምን ሆኑ?»

«ምን እሆናለሁ ልጄ? ስድስት ኪሎ ቀንሼ ነው፤ ደስ ይበልሽ።»

እጁን ይዛ የልብ ምቱን ቆጠረች።

«ክሳት ሁሉ ጤና አይደለም» አለችው አጠገቡ ተቀምጣ። «ሰውነት ምግብ ሲነፈግ ክፉ ቀን የመጣ ይመስለውና መቆጠብ ይጀምራል። ከቀነሱት አብዛኛው ውሃ ነው፤ ጡንቻም አለበት። እንደ ድሮው መብላት ሲጀምሩ ውፍረቱ ይመለሳል። እንዲህ ያለ ረሃብ ሐሞት ከረጢት ውስጥ ጠጠር እስከ መፍጠር ይደርሳል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ሲባል አልሰሙም?»

«ታዲያ እንደወፈርኩ ልሙት?»

«ወፍሮ መሞትም ተርቦ መሞትም ማን አዘዘብዎት? መጀመሪያ ሐኪም ይይዎት፤ ግፊትዎንና ስኳርዎን ይለኩ። ምግብ አይዝለሉ። የሳህንዎን ግማሽ አትክልት ይያዘው፤ ምስር፣ ባቄላ፣ እንቁላል አይቅር። የሻይዎን አራት ማንኪያ ስኳር ወደ አንድ ያውርዱት። ቀኑን ሙሉ ከስፌት መኪናው አይነሱም፤ ጠዋት ጠዋት ይራመዱ። በሳምንት ግማሽ ኪሎ ከቀነሱ ይበቃል።»

«ግማሽ ኪሎ? ምርቃቱ እኮ ደረሰ፤ ሙሉ ልብሴ አልቆለፍ ብሎኛል።»

«ልጅዎ እዚያ የምትፈልገው አባቷን ነው ወይስ የአባቷን ወገብ?»

ጋሽ መርፌ ለማንም ያልነገረውን ተናገረ። «ትናንት የአንዲት አስተማሪ ጨርቅ አበላሸሁ። በሠላሳ ዓመት ሥራዬ መቀሴ ከምልክቱ ወጥቶብኝ አያውቅም። ቤት ገብቼ ደግሞ ምንም ባላጠፋችው ሚስቴ ላይ ጮኽኩ።»

«ያ ረሃቡ ነው ጋሼ። ሙሉ ልብስዎን ያስፉት። ለሰው ያልከበደ እጅዎ ለራስዎ ለምን ይከብዳል?»

በማግስቱ ለአስተማሪዋ ሌላ ጨርቅ ገዛላት፤ የራሱንም ልብስ ሁለት ጣት አሰፋው። በምርቃቱ ቀን ሳያዞረው ከልጁ ጎን ቆሞ ፎቶ ተነሣ።

ምክሩን ግን አልተወም። በዓመቱ ዐሥራ አንድ ኪሎ ቀነሰ፤ የጉልበቱ ሕመም ቀለለው፣ ግፊቱ ወረደ፣ እንቅልፉ ተስተካከለ፣ እጁም ጸና። እየተራበ ቢሆን ኖሮ ዓመቱን ቀርቶ ወሩንም ባልዘለቀው ነበር፤ እየበላ ስለነበር ዘለቀው።

ሚስቱም ጠዋት አብራው መራመድ ጀመረች። አንድ ቀን ነርሷ በመንገድ አግኝታቸው «እንዴት ነው እርምጃው?» ብትላት፣ ባሏን አየት አድርጋ ሳቀች።

«ከተጋባን ሃያ ስምንት ዓመት ሆነን» አለች፤ «እንዲህ በደንብ ያወራነው ግን ገና ዘንድሮ ነው።»