ሆዱን የሰጠው ልዑል

አክስቴ ግላፊራ፣ ይምጡ፣ እዚህ ከጎኔ ይቀመጡ። እዚያ በረንዳው ጫፍ ላይ ነፋስ አለ፤ ከኪነሽማ ድረስ በባቡር ተንገላተው መጥተው ጉንፋን ይዘው እንዳይመለሱብን። ይቺን ጎመን በሊጥ ተሸፍኖ የተጋገረባትን ፒሮግ ይቅመሱ። እንጉዳዩንስ ላቅርብልዎት? ኪያሩ የእኛው የሱዝዳል ነው፤ ዘንድሮ ዝናቡ ስለበዛ ትንሽ ውሃ ውሃ ይላል እንጂ ደህና ነው። እርስዎስ ተከሉ? ወገብዎት እምቢ ካለ ይተዉት፣ እኛ እንልክልዎታለን።

አርካዲ? … ባሌማ ቀረ። ሆዱን አሞት ነው። ምን በልቶ ይሉኛል፤ ምንም አልበላ። ሌላ ሰው ሲበላ እያዩም ሆድን ያማል መሰለኝ፣ እኔ ሐኪም አይደለሁ። «ሪማ፣ አንቺ ሂጂና አክስቴን ሳሚልኝ» ብሎ ላከኝ። ይኸው ሳምኩዎት፣ አንዱ የእሱ ነው።

ድግሱ ለምን እንደሆነ ነግረውዎታል አይደል? ትናንት ማታ የዚያ የጥንቱ ልዑል ተከታታይ ድራማ የመጀመሪያ ክፍል በቴሌቪዥን ታየ። እርስዎ ባቡር ላይ ስለነበሩ አመለጠዎት። ዳይሬክተሩ… ስም መጥራት ምን ያደርጋል፣ በልጅነቱ አፍንጫውን ጠርገውለታል። አሁን ዝይውን እየቆራረጠ ስለሆነ ከዚህ አይሰማንም። ቢሰማስ? ሰው ሲመሰገን ቢሰማ ምን ይጎዳዋል?

ድራማው እንዴት ያምራል መሰለዎት። ልዑሉ ጥርሱ ነጭ፣ ጢሙ የተበጠረ፣ በሐምሌ ሙቀት የጸጉር ካባ ደርቦ ላብ የሚባል አያውቀው። ከጦር ሜዳ ሲመለስ ካባው ላይ ጭቃ የለም፤ ጭቃው ሁሉ ወታደሮቹ ላይ ነው። በዚያ ዘመን ገዥዎች እንዲህ ንጹሕ እንደነበሩ ማን ያውቅ ነበር? ዜና መዋዕሉን የጻፉት መነኮሳት እንኳ ሳይጠቅሱት ቀርተዋል። ከተማ ሲቃጠል ያቃጠሉት መኳንንቱ ናቸው። ግብር ሲበዛ ያበዛችው ከባዕድ አገር የመጣችው ሚስቱ ናት። እሱ መስኮት ላይ ቆሞ ያዝናል። ማዘንስ እንደ እሱ ነው፤ አንዲት እንባ ጉንጩ ላይ ወርዳ ጢሙ ጋ ስትደርስ ትቆማለች፣ ጢሙ እንዳይበላሽ ይሆናል።

በመሐል ደግሞ ድልድይ ይመርቃል። አዲስ ድልድይ፣ ሕዝቡ ኮፍያውን ወደ ላይ ይወረውራል፣ የጎደለው ሪባኑ ብቻ ነው። የዛሬዎቹ ሹማምንት ሲያዩት ምን እንደተሰማቸው እንጃ፤ ድራማው እንደማይታገድ ግን እኔም ያን ጊዜ ገባኝ። ዳይሬክተሩ ብልህ ነው። ለማን ምን እንደሚጥመው ያውቃል፣ ከድሮም እንዲህ ነው፤ እኔ ቤት ሲመጣ እንኳ ከፒሮጉ መሐል ሥጋ የበዛበት የትኛው እንደሆነ ሳይቆርስ ያውቅ ነበር።

ወንድሙን ደግሞ እንዴት ይወዳል… ልዑሉን ማለቴ ነው። ታሪኩን እርስዎም ያውቁታል፤ አርካዲ ስንት ክረምት ሙሉ ወጥ ቤታችን ውስጥ ተቀምጦ ሲጽፈው አንብቦልዎት ነበር። ታናሹ ልዑል አጠፋ። ሁሉን የሚያስገብራቸው የታታሮቹ ንጉሥ፣ ካኑ፣ ተቆጥቶ «ይምጣና ይመልስልኝ» አለ። ታናሹ ምን አደረገ? ታላቁን ላከ። «አንተ ትሻላለህ፣ አንተን ያከብሩሃል» አለው። ታላቁም ሄደ፣ በዚያው ቀረ፤ ዙፋኑ ለታናሹ ሆነ። አርካዲ የጻፈው ይኼን ነበር።

በድራማው ግን ተሻሽሏል። ታላቁ ራሱ ነው «እኔ ልሂድ» እያለ እግር ላይ የሚወድቀው። ታናሹ እምቢ ይላል፣ ያለቅሳል፣ ካባውን ይቀድዳል፤ በኋላ በስንት ልመና ዙፋኑ ላይ ውጣ ይሉታል፣ እሱም ለሕዝቡ ሲል ይወጣል። ምስኪን። ሰው እንዲህ ሳይፈልግ ከፍ ከፍ ሲል አይተው ያውቃሉ? እኔ አንድ አውቃለሁ… ተዉት፣ የማወራው ስለ ልዑሉ ነው።

አሁን ወደ ሆዱ ልምጣ። ታላቁ ከመሄዱ በፊት ታናሹ የሚምላትን መሐላ ያስታውሷታል? «ለወንድሜ ዢቮቴን አልሰስትም።» ዢቮት ዛሬ በእኛ አፍ ሆድ ነው፤ በድሮው ቋንቋ ሕይወት ነው። ለእርስዎ ይኼን አላስተምርም። ዕድሜ ልክዎን በፋሲካ ከመዘምራኑ ጋር ቆመው «በመቃብር ላሉት ዢቮትን ሰጠ» እያሉ ሲዘምሩ ሕይወት ማለትዎ ነበር፣ ለሙታን ሆድ ሲያድሉ አልኖሩም። አይደለም እንዴ? እንግዲህ ትናንት ልዑሉ አዳራሹ መሐል ተንበረከከ። ሙዚቃው ቀስ አለ። ካሜራው ቀረበ… «ዢቮቴን» ሲል በሁለት እጁ ሆዱን እቅፍ አድርጎ ያዘ። ጥብቅ አድርጎ፣ አንድ ሰው ሊነጥቀው የመጣ ይመስል። ለወንድሙ ሆዱን ሊሰጥ ነው።

አይሳቁ፣ አክስቴ፣ ሰው ያየናል። አገሩ ሁሉ ሲስቅ አደረ ደግሞ። ጠዋት ገበያ ስወጣ ኪያር ሻጮቹ ሆዳቸውን ይዘው ሲማማሉ ደረስኩ። እኔ ግን ስህተት ነው አልልም። ከድራማው ሁሉ ከልብ የተሠራችው እሷ ትዕይንት ብቻ ናት ባይ ነኝ። ሰው ሲምል እጁን በጣም በሚወደው ነገር ላይ አይደል የሚያሳርፈው? አንዱ መስቀል ይይዛል፣ አንዱ የልጁን ራስ ይይዛል። ሌላው ደግሞ ያለውን ይይዛል።

ክፉዎች ምን ይላሉ መሰለዎት፤ ይኼን ቃል የጻፈውና ቀረጻውን የመራው አንድ ሰው ቢሆን ኖሮ ትርጉሙ ይጠፋው ነበር ወይ ይላሉ። ምን ማለታቸው ነው? ስክሪኑ ላይ እኮ በትልቁ ተጽፏል፣ ደራሲና ዳይሬክተር፣ አንድ ስም። እኔ በዓይኔ አንብቤዋለሁ። አርካዲም አንብቦታል። ጎረቤቶቹን ጠርቶ፣ የሠርጉን ክራባት አስሮ ነበር የተቀመጠው። የልብስ ሰፊዋ ስም አለፈ። የምግብ አቅራቢዎቹ ስም አለፈ። የፈረሶቹ ጠባቂ አለፈ፣ ከዚያ ሁለቱ አዳኝ ውሾች እንኳ በየስማቸው ተመሰገኑ። ወዲያው ማስታወቂያ መጣ። አርካዲ «ፊደሉ ትንሽ ነው፣ አምልጦኝ ይሆናል» አለ። ጎረቤቶቹም አዎ አምልጦህ ነው ብለው ኮታቸውን ፈለጉ።

የቃሉን ትርጉም መጠየቅ ይቻል ነበር እኮ። ቤታችን ወንዙን እንደተሻገሩ ነው። መንገዱም አይጠፋም፤ ጽሑፉን ሊወስድ የመጣው ሰው እኔው ቤት በልቶ፣ ጠጥቶ፣ «ያንተ ስም ከእኔ በፊት ይመጣል» ብሎ አርካዲን ስሞ ነው የሄደው። ቀረጻ ሲጀመር ደግሞ «ብርድ ይመታሃል፣ አንተ ቤትህ ዕረፍ» አለው። እንዲህ ለሰው ጤና የሚያስብ የት ይገኛል? አርካዲም ዐረፈ። መስኮት ላይ ቆሞ የቀረጻውን መብራት ከወንዙ ማዶ እያየ ነው ያረፈው።

የዛሬ ጠዋቱን ደግነት ደግሞ ይስሙልኝ። አገር ሆዱን ይዞ እየሳቀ ሳለ የእኛ ስልክ ጮኸ። ዳይሬክተሩ አርካዲን ፈልጎ ነው። ከሁለተኛው ክፍል ጀምሮ ስሙ ይወጣል ተባለ። ትናንት ከውሾቹ በኋላ እንኳ ቦታ ያልነበረው ሰው፣ ዛሬ በትልቅ ፊደል፣ ለብቻው። ምን ተብሎ መሰለዎት? የታሪክና የጥንት ቋንቋ አማካሪ። ጋዜጠኞቹ ፊትም ቀርቦ ስለዚያች ስለ ሆዷ ጉዳይ መልስ እንዲሰጥ ነው። «አንተ ትሻላለህ» አለው፣ «አንተን ያከብሩሃል።» … ምነው አክስቴ፣ ይኼን ነገር ሌላ ቦታ የሰሙት መሰለዎት? እኔም መስሎኝ ነበር።

አርካዲ ስልኩን እንደያዘ ክራባቱን በዓይኑ ፈለገ። ሊሄድለት ነበር። ያውቁታል፣ ታናሽ ወንድሙን… ታናናሾችን እምቢ ማለት አይሆንለትም። አባታቸው የሞቱ ጊዜ የራሱን ትምህርት አቋርጦ ማንን ሞስኮ ልኮ እንዳስተማረ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቃሉ። ፊቱን ሳየው ካባ ያስለበሱት፣ ፈረስ የጫኑለት መሰለኝ፤ ካን ዘንድ ሊሄድ። ስልኩን ከእጁ ተቀብዬ እኔ መለስኩ። አርካዲ ዢቮቱን አሞታል፣ የትም አይሄድም አልኩ። በድሮው ቋንቋ ነው በዛሬው ብሎ የጠየቀኝ የለም፣ እኔም አልተረጎምኩም። ስሙም ይቅርበት፣ ያለ ስም መኖሩን ለምዶታል አልኩ። ከዚያ ቀሚሴን ለብሼ መጣሁ። ተጠርቼ የለ እንዴ?

ቂምማ የለኝም። ቂም ቢኖረኝ የሰው ዝይ እበላለሁ? አንድ አንድ ነገር ሆድ ይፍጀው ብዬ ትቼዋለሁ፤ ሆድ ያለው እሱ ብቻ አይደል። ይብሉ እንጂ አክስቴ፣ ምነው እጅዎት ቆመ? … እንዴ፣ የእኔ ተራ ደረሰ? ለጽዋው ነው ተነሺ የሚሉኝ? እሺ፣ ይኸው ተነሳሁ። ስለ ድራማው እንግዶቹ ሁሉ ተናግረውታል፤ እኔ ለዚህች ለዳይሬክተሩ ሚስት ነው የምጠጣው። ወሯ ገብቶ እንኳ ከጠዋት ጀምራ ስትንጎዳጎድ ውላለች፣ እሷን ማን ይጠላል። መጀመሪያ ወንድ ወለደች፣ ይኼም ወንድ ነው ብለዋታል ሐኪሞቹ።

አሜን ይበሉልኝ፣ አክስቴ፣ የእርስዎ አፍ ይሰማል። እግዚአብሔር በሰላም ያገላግላት። ሕፃኑ ጤነኛ፣ እንቅልፋም፣ ጡት የሚጠባ ይሁንላት። ታላቅየው አቅፎ ያሳድገው፣ ካለው ላይ ቆርሶ ያጉርሰው፣ ፊቱን አያዙርበት። ታናሽየውም አድጎ ሰው ሲሆን… አባቱ ለታላቅ ወንድሙ የሆነለትን ሁሉ፣ እሱም ለታላቁ ይሁንለት። ቅንጣት አያጉድልበት።