የራዲዮ ክፍሏን ቁልፍ ሳስረክብ

ክቡራትና ክቡራን፤

«ጓዶች» እንዳልላችሁ ከአውራጃው የመጡት እንግዶች የርብ ወንዝ ሳይሞላ እንሻገር ብለው ወደ ወረታ ሄደዋል፤ ቃሉንም ይዘውት የሄዱ ይመስለኛል። እንግዲህ እኛው ለእኛው ነን።

አስቀድሜ ላመስግን። ርእሰ መምህራችን አቶ በላቸው፣ ይህን ድግስ ስላሰቡልኝ እግዜር ይስጥልኝ። በጉን የገዛችሁ፣ ጠላውን የጠመቃችሁ፣ ይህን ጋቢ ያለበሳችሁኝ ሁሉ እግዜር ይስጥልኝ። ዘበኛችን አንለይ ከጠዋት ጀምሮ ዴስክ ሲሸከም ዋለ። ለእኔ የተሸከመው የመጨረሻው ዕቃ ይሁንለት።

ከጠዋት ጀምሮ ያገኘኝ ሁሉ «ጋሼ ማረው፣ ምን ተሰማዎት?» ይለኛል። እውነቱን ልንገራችሁ? ምንም። እግር አጥፈው ብዙ ሲቀመጡበት ይደነዝዝ የለ? እግሩ አለ፤ ትነኩታላችሁ፤ የእናንተ አይመስልም። እንደዚያ ነኝ። ውለታ ቢስ ሆኖ ነው አትበሉኝ።

ለመሆኑ እኔ የራዲዮ ትምህርት ኃላፊ እንዴት እንደሆንሁ አዲሶቹ ታውቃላችሁ? በሰባ አንድ ዓመተ ምሕረት ራዲዮዋ በበቅሎ ተጭና መጣች። ስብሰባ ተጠራ። ማን ይፈርምባት? የመንግሥት ንብረት ናት፤ ብትሰበር ያስጠይቃል፤ ብትጠፋማ አይነሣ። ሁሉም ጣሪያ ጣሪያውን አየ። እኔ የዚያን ቀን ጣራ ገዳም ለቅሶ ሄጃለሁ። ስመለስ አንለይ በር ላይ ቆሞ «እንኳን ደስ ያለዎ፣ ተመርጠዋል» አለኝ። «ማን መረጠኝ?» ብዬ ብጠይቀው «ሁሉም፣ በሙሉ ድምፅ» አለኝ። አለመገኘቴ ነው ያስመረጠኝ።

ያን ጊዜ ስለ ራዲዮ የማውቀው እንደሚጮህ ብቻ ነበር።

የመጀመሪያዋን ቀን አልረሳትም። ሦስተኛ ክፍልን አስቀመጥሁ፤ ራዲዮዋን ጠረጴዛ ላይ አወጣሁ፤ ከፈትሁ። «ተማሪዎች፣ እንደምን አደራችሁ?» አለች። ልጆቹ ብድግ ብለው «እግዚአብሔር ይመስገን! እርስዎስ እንደምን አደሩ?» አሉ። ደግ ነው፣ ጨዋ ልጆች ናቸው። ቀጥላ «ውሃ በሦስት መልክ ይገኛል» አለች። እነሱም እኩል «ውሃ በሦስት መልክ ይገኛል!» ብለው ጮሁ። ምን ያድርጉ? ሁሉም ከየኔታ ተክለ ማርያም ዘንድ ፊደል ቆጥረው የመጡ ናቸው። እዚያ መምህር አንዴ ይላል፣ ልጅ ይቀበላል። እነሱ ሲቀበሉ ራዲዮዋ ጥላቸው ሄደች። ሦስቱ መልኮች የትኞቹ እንደሆኑ እስከ ዛሬ የሰማ የለም። በእኛ በፎገራ እንደሆነ አንዱን እናውቀዋለን፤ ጎርፍ ነው።

ብቆጣ፣ ብለማመጥ እንቢ አሉ። ሄጄ ለየኔታ አቤት አልሁ። የኔታ፣ እዚህ ስላሉ ከዋሸሁ ያርሙኝ። መጥተው ከፊት ተቀመጡ። ራዲዮዋ «እንደምን አደራችሁ?» ስትል እሳቸውም «እግዚአብሔር ይመስገን» ብለው ቀጣዩን ጠበቁ። እሷ ትምህርቷን ቀጠለች። የኔታ ዞር ብለው አዩኝና «ልጆቹ ምን አጠፉ? ባለጌዋ የእናንተዋ ናት፤ ሰላምታ ጠይቃ መልሱን የማትሰማ!» አሉ።

እዚያው ተቀምጠን መከርን። እኔ በመካከሉ ሙዚቃ እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ እሳቸው ልጆቹን በምን እንደሚያዙ ያውቃሉ። የዝንብ ጭራቸውን አነሡና «ይህ ወደ ላይ ሳለ አፍ አይከፈትም፤ ሲወርድ የሰማችሁትን መልሱ» አሏቸው። ራዲዮዋ ስትናገር ጭራው ተነሣ፣ ሙዚቃው ሲመጣ ወረደ። ክፍሉ ተናወጠ! ከዚያች ቀን ወዲህ ራዲዮ በዚህ ትምህርት ቤት የሚሰማው በጭራ ነው። ኢንስፔክተሩ «ይህ ምን ዓይነት ዘዴ ነው?» ብሎ ቢጠይቀኝ «አካባቢያዊ» ብዬዋለሁ። ጻፈው።

ሌላውን ራሳችሁ ታውቁታላችሁ። ባትሪ ድንጋዩ ሲደክም እንደ በርበሬ ሰሌን ላይ እናሰጣው ነበር፤ አንለይ ከዶሮ ይጠብቃል። የፈተና ወረቀት ማባዣው መኪና ከመጣ ወዲያ ደግሞ ጣቶቼ ቀለም እንደለበሱ ቀሩ። ቤተ ክርስቲያን ስሳለም እንኳ አሻራዬን ደጀ ሰላሙ ላይ ትቼ እመለሳለሁ።

አሁን ሳልናገር ብሄድ ደግ የማይሆነውን ልናገር።

ራዲዮዋ ላይ ጣቢያ የምታሳይ ቀይ መርፌ አለች። ያስረከበኝ ሰው በቀለም ነጥብ አድርጎ «መርፌዋ ከዚህች ነጥብ ብትወጣ ተጠያቂው አንተ ነህ» አለኝ። ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁም። ሌላ ወረዳ አንድ መምህር የጠላት ጣቢያ አዳምጠሃል ተብሎ ተወስዶ አልተመለሰም። መርፌዋም ከነጥቧ አልወጣችም።

ልጄን አያልነህን ታውቁታላችሁ፤ አብዛኞቻችሁ አስተምራችሁታል። ለብሔራዊ ውትድርና ሄደ። ከአስመራ አንድ ደብዳቤ ጻፈ። ከዚያ ወዲህ የለም። ሞተ ያለኝ የለም፤ አለ ያለኝም የለም።

አምና በገበያ ቀን አንድ ሰው ጠጋ አለኝ። «ጋሼ ማረው፣ እርስዎ እጅ ላይ እኮ ራዲዮ አለ። የተማረኩ ልጆችን ስም የሚያነብ ጣቢያ አለ ይባላል» አለኝ። ሌላ አልጨመረም፤ ሄደ።

እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?

እኔ ተማሪዎች ሲበተኑ ክፍሏ ውስጥ ገብቼ እቀመጣለሁ። እጄን ማዞሪያው ላይ አደርጋለሁ። ባዞረው ስሙን ልሰማ እችላለሁ፤ ላልሰማም እችላለሁ። ሁለቱንም ፈራሁ። ደግሞም ብያዝ ራዲዮዋ ትሄዳለች፣ አቶ በላቸው ይጠየቃሉ፣ እናንተም ትጠየቃላችሁ። እጄን አንሥቼ፣ ቆልፌ፣ ቤቴ እገባለሁ። ባለቤቴ እናኑ «ምነው ዘገየህ?» ትለኛለች። «ባትሪ ስቀይር» እላታለሁ። ይህን እስከ ዛሬ አታውቅም። አንበሳሜ እህቴ ዘንድ ከገባን በኋላ ራሴ እነግራታለሁ፤ እስከዚያው አደራ።

ደግ አደረግሁ? አላውቅም። የደነዘዝሁት ግን ያኔ ነው። ጡረታዬን ጊዜው ሳይደርስ የጠየቅሁትም ታምሜ አይደለም። ባለፈው ጥር መርፌዋ ከነጥቧ አለፈች። እኔ ነኝ ያሳለፍኋት። ከጩኸት በቀር የሰማሁት የለም፤ ወዲያው መለስኋት። ከእንግዲህ ግን እጄን አላምነውም።

እንግዶቹ ያሉትን ሰምታችኋል። እስከ ሰኞ የሚፈርም ከሌለ መኪና ልከው ራዲዮዋንም ማባዣውንም ይወስዳሉ። ሳምንቱን ሙሉ እያንዳንዳችሁን ለመንሁ። መምህርት ገላነሽ «ጋሼ፣ እኔ ልጅ አለኝ። ብትበላሽ አሻጥር ነው ይሉኛል» አለችኝ።

ገላነሽ፣ ፍርሃትሽ ልክ ነው። ምንም አይመጣም ብዬ አልዋሽሽም፤ ምን እንዳስከፈለኝ አሁን ሰምተሻል። ነገር ግን ከመካከላችን ሳይንስ የተማረ አንድም ሰው የለም። እሷ ከሄደች ለእነዚያ ልጆች ስለ ውሃ፣ ስለ ደም፣ ስለ ከብት በሽታ የሚነግራቸው የለም። ጎርፉን በገመድ ተያይዘው ተሻግረው የሚመጡት እኔን ሊያዩ አይደለም። ከዚህ ሌላ የምልሽ የለኝም። አልለምንሽም፤ ልመናዬ አልቋል።

…

ምን አልሽ? ከፍ አድርጊው፤ የኔታ ጆሯቸው ደክሟል።

«አምጡት» ነው ያልሽው?

እንኪ። ቁልፉ ይኸው። አቶ በላቸው፣ ወረቀቱን ያምጡላት። አታጨብጭቡ፣ ተዉ፤ ትፈርም መጀመሪያ።

ገላነሽ፣ አንድ ነገር ብቻ አደራ እልሻለሁ። አንድ ቀን ከአንበሳሜ እመጣለሁ። «ናፍቃችሁኝ ነው» እላለሁ፤ እውነትም ይሆናል። ሻይ ጠጥተን ስናበቃ «እስቲ ቁልፉን ለአፍታ ስጪኝ፣ ክፍሏን ልያት» ብልሽ፣ እንዳትሰጪኝ። ባለቅስም እንዳትሰጪኝ።

ክቡራትና ክቡራን፤ ያሳደራችሁኝን እግዚአብሔር በጤና ያሳድራችሁ። መሬታችሁ ጎርፉን ይቻለው፣ ከብቶቻችሁ ይርቡ። ያስተማራችኋቸው ልጆች ለወግ ለማዕረግ በቅተው እጃችሁን ይሳሙ። ደጅ ደጁን የምታዩለት ያላችሁ፣ በደጃችሁ ይግባላችሁ።

የኔታ፣ ይህችኛዋን ለእኔም ጭምር አሜን በሉልኝ።