በርኖስ ለተራራው

ለጨዋታ ክበባችን የጻፍኩት፣ ተጫዋቾች ባለበግ ገበሬ ሆነው በቃል የሚጫወቱት ጨዋታ በትምህርት ቤታችን ተባዝቶ በየቤቱ መጫወት ተጀምሯል! የጨዋታው ጠላት ፊታውራሪ ብርዱ ነው፤ ለተራራው በርኖስ ላሠራለት ብሎ የሰው በግ የሚሸልት እብድ። ትናንት ከመሐል ሜዳ በተሳፈርኩበት ሚኒባስ ውስጥ አንዲት ልጅና አባቷ ከኋላዬ ሲጨቃጨቁ ሰማሁ።

«አባባ፣ ለፊታውራሪ ብርዱ በር ለምን ከፈቱለት?»

«መሽቶብኛል፣ አሳድሩኝ አለኛ!»

«ጠላታችን እኮ ነው!»

«ቢሆንስ? የእግዜርን እንግዳ ውጭ ላሳድር?»

«ጭራሽ እግሩን አጠቡት! እሱ በጎቻችንን ሸልቶ ሄደ። ያልተሸለተች አንዲት በግ ናት የቀረችን፤ እሷን ካገኘ ተሸነፍን።»

«ተራራው በርዶታል ሲል አላሳዘነሽም?»

«ዛሬ ቢያንኳኳ አይከፈትለትም!»

«ዝናብ ቢሆንስ?»

«እ… እሺ፣ ይግባ። በጓን ግን እኔ አቅፌያት እተኛለሁ።»

ደራሲዋ እኔ ሳቄን ልደብቅ ፊቴን በነጠላዬ ሸፈንኩ፤ እናንተም ቅዳሜ ወደ ክበባችን ኑና ፊታውራሪ ብርዱ በራችሁን ያንኳኳ።