ከዳባት የመጣው ኮሶ

ጋሽ ዋሴ ኮሶ ለመግዛት ከደባርቅ ዳባት ድረስ ሄዱ። ደባርቅ ገበያ ኮሶ ጠፍቶ እንዳይመስላችሁ፤ ሞልቷል። ግን የደባርቋ ሻጭ ታውቃቸዋለች። እሷ ካወቀች ደግሞ ሳይመሽ ሰፈሩ ሁሉ ስለ ጋሽ ዋሴ ሆድ ያወራል። ስለዚህ ማንም በማያውቃቸው ገበያ ገዙና በፌስታል ቋጥረው፣ ጋቢያቸው ውስጥ ደብቀው ሚኒባስ ተሳፈሩ።

ሰው ሲሸሹ ሰው አይታጣም፤ ከጎናቸው ማን ብትቀመጥ ጥሩ ነው? የትናየት! ዱሮ ስሜን ተራራ፣ ሳንቃ በር ላይ አብረዋቸው በቅሎ ሲነዱ የኖሩት የጓደኛቸው የያርጋል ልጅ። ጎንደር ፋርማሲ ተምራ ደባርቅ መድኃኒት ቤት ሥራ ከጀመረች ገና ነው።

«ውይ ጋሽ ዋሴ! እንዴት ከረሙ? ጠፉ እኮ!»

«ይመስገን፣ አለሁ። ወዴት እጠፋለሁ ልጄ።»

«የኪዳነምሕረት ማኅበር ላይ ራሱ አይታዩም አሉ። አባቴ ‹ዋሴን ምን ብናስቀይመው ነው› እያለ ነው። ሌሎቹማ እርስዎ በሚመጣው ማኅበር ካልመጡ ቦታዎን ለሌላ ሰው ሊሰጡት ነው።»

ጋሽ ዋሴ በመስኮቱ ወደ ውጭ አዩ። ማን አስቀየማቸው! ባለቤታቸው ማርያማዊት ካረፈች ወዲህ ስማቸውን የሚጠራ ሰው የሚያገኙት የማኅበሩ ዕለት ብቻ ነው። ግን እዚያ አንድ ጉርሻ ሲቀምሱ ሆዳቸው እንደ ከበሮ ይነፋል፤ መቀመጥም ያቅታቸዋል። አንዴ ጸሎቱ ሳያልቅ ተነሥተው ወጡ። ከዚያ በኋላ አፈሩና ቀሩ።

«ጋሽ ዋሴ፣ ይሄ የሚሸተው ኮሶ ነው እንዴ?»

«ኧረ ቀስ በይ፣ አንቺ ልጅ!»

ከፊት የተቀመጠችው ሴትዮ ሻሿን ከጆሮዋ ገለጥ አደረገች። የትናየት ሳቋን ዋጥ አድርጋ ነገሩን ተወችው። መናኸሪያው ላይ ሲወርዱ ግን አልለቀቀቻቸውም። አጥር ጥግ ወሰድ አድርጋ፣ «ትል አይተው ነው?» አለቻቸው።

«ትልስ አላየሁ።» ግራ ቀኝ አዩ። «ሆዴ ደርቆ ነው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ማርያማዊት ከሞተች ወዲህ መሰለኝ።»

«ደም አለው? ከስተዋል? ያስመልስዎታል? የኩላሊት ሕመም፣ የሚውጡት ሌላ ኪኒን?»

«ምንም የለኝ። ይሄ ሁሉ ምንድን ነው? የፖሊስ ጥያቄ ነው እንዴ?»

«ከእነዚህ አንዱ ቢኖርማ እኔ ሳልሆን ሐኪም ነው የሚያይዎት። ለመሆኑ ኮሶው ምን ያደርግልዎታል?»

«ሙልጭ ነዋ! ያጣድፋል። መድኃኒት ማለት እንዲያ ነው። ጥሎ ካላነሣ ምኑን መድኃኒት ሆነ?»

«በማግስቱስ?»

«በማግስቱማ... ያው ይደርቃል።»

«ባለፈው ሲጠጡስ ደኅና ነበሩ?»

ጋሽ ዋሴ በከዘራቸው መሬቱን ጫር ጫር አደረጉ። ባለፈው ደኅና አልነበሩም። ዓይናቸው ጨልሞ ደጃፋቸው ላይ ወደቁ። ኮሶ የጠጣ ሰው ደግሞ በሩን ዘግቶ ይውላል፣ ማንም አያንኳኳበትም፤ ባህሉ ነው። ፀሐይዋ ከበራፉ ላይ እስክትሸሽ ብቻቸውን እዚያው ተጋድመው ዋሉ። ይሄንን ለማንም ተናግረው አያውቁም፤ ለየትናየት ግን ነገሯት።

«ጋሼ፣ ኮሶ የትል ነው፤ ለትሉም ቢሆን ዛሬ የተሻለ አለ። መጠኑ አይታወቅም፣ ዓይን ሁሉ ይጎዳል። እስቲ ይንገሩኝ፣ በቅሎ ሽቅብ አልወጣም ስትል ይገርፏታል?»

«ምን በወጣኝ! ብገርፋት አንዴ ትዘልና ከነጭነቱ ትተኛብኛለች። ጭነቷን ቀንሼ፣ ውኃ አጠጥቼ ነው የማስነሣት።»

«ታዲያ ሆድዎን ለምን ይገርፉታል?»

ጋሽ ዋሴ ሳቁ። ከስንት ጊዜ በኋላ! ግን ወዲያው እጅ አልሰጡም። «እሺ፣ የናንተውስ ምንድን ነው?»

«መጀመሪያ ተልባ። ግን በብዙ ውኃ ነው፤ ውኃ ከሌለ እሱ ራሱ ይዘጋል። በዚያ ካልሆነ ላክቱሎስ የሚባል ሽሮፕ አለ፤ ውኃ ወደ አንጀት እየሳበ ያለሰልሳል። ዕለቱን አይሠራም፣ አንድ ሁለት ቀን ይወስዳል፤ መጀመሪያ ሆድ ያንጎራጉራል። ቢሳኮዲል የምትባል ትንሽ ቢጫ ኪኒን ደግሞ አለች፤ አንጀትን እየገፋች በአንድ አዳር ታደርሳለች።»

«እሷን ስጪኛ!»

«አውቄያለሁ እኮ እሷን እንደሚሉ! እሷ አልፎ አልፎ፣ ሌላው ሲያቅት ናት። በየቀኑ በራስዎ አይውጧትም። ደግሞ መድኃኒት ብቻውን አይሆንም፤ ምን ይበላሉ?»

«ቆሎ። ድርቆሽ።»

«ጎመን፣ ሽሮ?»

«አንድ ራሱን የቀረ ሰው ጎመን ይቀቅላል እንዴ? ለማን ብዬ?»

የትናየትን ጎንደር ይሄንን አላስተማሯትም። «እኔ አላውቅም፣ ጋሼ። ግን ውኃ ይጠጡ፣ ሲመጣብዎት አይያዙት። እና ማኅበሩ ይሂዱ።»

ተልባውንም ሞከሩት፤ ትንሽ ረዳ እንጂ አልበቃም። ሽሮፑን ጀመሩ። መጀመሪያ ጉር ጉር ብቻ ሆነ። ጋሽ ዋሴ ቤታቸው ጥግ የተቀመጠውን ኮሶ አሥሬ አዩት፤ አንዴማ ፌስታሉን ፈትተው እንደገና ቋጠሩት። በኋላ አንድ ጠዋት ያለ ምጥ፣ ያለ ማጣደፍ ቀለላቸው። በሩን ከፍተው «ማርያማዊት!» አሉ፤ የሚነግሩት ሰው የለማ። ከዚያ ኮሶውን ጉድጓድ ጨመሩት።

የማኅበሩ ዕለት ተረኛው ጎረቤታቸው ጋሽ አሻግሬ ቤት ሲገቡ ወሬው ቆመ።

«ዋሴ፣ ተቀይመኸናል?» አሉ የማኅበሩ ሙሴ፣ ሰብሳቢው።

ሰበብ ቢሉ ሞልቷል፤ እግሬን አሞኝ ነው ማለት ይቻል ነበር። ጋሽ ዋሴ ግን ቆመው ሳሉ፣ «አልተቀየምሁም። ሆዴ ደርቆ ነው። ሰው ፊት መናገር አፍሬ ቀረሁ» አሉ።

ማንም አልሳቀም። ቦታቸውን ለቀቁላቸውና ተቀመጡ። ሆድ ሳይነፋ በልቶ መቀመጥ ምን ያህል ደስ እንደሚል ጤነኛ ሰው አይገባውም! ጸሎቱን እስከ መጨረሻ ቆዩ፤ ጉልበትም ነበራቸው፣ ጨዋታም ነበራቸው። ከየትናየት የሰሙትን ሁሉ፣ ተልባው በውኃ መሆኑን፣ ሽሮፑ ትዕግሥት መፈለጉን፣ ደም ያየ ቶሎ ሐኪም ዘንድ መሄድ እንዳለበት፣ እንደ መምህር አስረዱ።

ሰው ሲበተን ጋሽ አሻግሬ እጃቸውን ያዙ። «እኔም ባለፈው ቅዳሜ ጠጥቼ በሬን ዘግቼ ነው የዋልሁት። ልሞት ነበር፣ ዋሴ።»

የሁለቱ ቤት እኮ ግድግዳ ለግድግዳ ነው። «ቅዳሜማ እኔ ቤቴ ነበርሁ» አሉ ጋሽ ዋሴ። «ብታንኳኳ እሰማህ ነበር።»

«እንዴት ላንኳኳ? ምን ብዬ?»

«ነገ የያርጋል ልጅ ዘንድ አብረን እንሄዳለን» አሉ ጋሽ ዋሴ፤ «በትልቁ መንገድ፣ በገበያው መሐል።»