እግር ፍሬን እስኪደርስ

አቶ ወልደሥላሴ በዚያ ረቡዕ ጠዋት ከቤታቸው የወጡት የተሰበረ አካፋ ለማስበየድ እንጂ ከአማቻቸው ጋር ለመሟገት አልነበረም። ዳሩ ግን ነገሌ ላይ ብየዳ ቤቱና ጎሚስታው አጥር ለአጥር ስለሆኑ አንዱን የፈለገ ሰው ሌላውን ሳያይ አይመለስም። ጎማ ጠጋኙ ኩራ ደጃፍ ላይ አንዲት ነጭ፣ ደረተ ሰፊ መኪና በክሪክ ተነሥታ ቆማለች። አጠገቧ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ የቆመው ኢያሱ ነው፤ የልጃቸው የሃይሚ ባል፣ ሁለት ዲግሪ ያለው፣ ዶሎ ኦዶ በአንድ የስደተኞች ድርጅት የሚሠራ።

«አካም፣ አባ ወልዴ! ናጋ?» አለ ኩራ፣ ከጎማው ላይ ሳይነሣ።

«ናጋ፣ ሰላም ነው። ምን ሆነች?»

«እሷ ምን ትሆናለች፤ ጎማዋን ጨረሰችው እንጂ! በሦስት ወር! ከብት ጭኖ ከአሬሮ የሚመላለሰው መኪና እንኳ እንዲህ አይጨርስም።»

ኢያሱ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ። «እንደምን አደሩ አባባ። የትናንቱ ጉዞ ነው። ከዶሎ ኦዶ ሌላው ሙሉ ቀን የሚፈጅበትን መንገድ እኔ ለምሳ ደረስኩ። ዓርብም ሃይሚን ይዤ እንደዚሁ ሐዋሳ እንገባለን። መንገድ ላይ አትንገላታም።»

አቶ ወልደሥላሴ አካፋቸውን ግንዱ ላይ አስደገፉና ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። ሃይሚ የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ደም ግፊቷ ስለጨመረ ሐኪሙ «ሐዋሳ ሄዳ እዚያው ትውለድ» ብሏል። እሳቸው ደግሞ በመንገድ ጥገና ሠላሳ አንድ ዓመት ጉድጓድ ሲደፍኑ ኖረዋል፤ የተገለበጠ መኪና መስታወት ከአስፋልት ላይ ጠርገዋል፣ ባለቤቱ ያልታወቀ ጫማ አንሥተዋል። ይህን ሁሉ ያየ ሰው «ለምሳ ደረስኩ» ሲባል አያጨበጭብም።

«ልጄ፣ በዝግታ ብትወስድልኝ ምን ይልሃል?»

«አባባ፣ አንቱ የሚያስቡት በድሮ መኪና ነው» አለ ኢያሱ በትሕትና፤ ግን ሽማግሌ በሚታገሥበት ዓይነት ትሕትና። «ጉልበት ማለት ደኅንነት ነው። ደካማ መኪና የጭነት መኪና ልትቀድም ስትል ግማሽ ኪሎ ሜትር በሰው መስመር ላይ ትለፋለች። ይቺ ግን ነዳጅ ሲሰጧት ሽው ብላ አልፋ መስመሯ ውስጥ ትገባለች። ታዲያ የቱ ነው አደጋው?»

«እሱስ እውነት ነው» አሉ አቶ ወልደሥላሴ። እውነት ሲነገር መካድ አይወዱም። «ዳገት ላይ ተጎትቶ እየቀደመ የሞተ አውቃለሁ። ግን ልጠይቅህ። አንዱን ከቀደምክ በኋላ በልክህ ትሄዳለህ ወይስ ቀጥሎ ያለውን ታያለህ?»

ኩራ ሳቀ። «ቀጥሎ ያለውን ነዋ! እሱ ነገሌ እስኪገባ ፊቱ ሰው ማየት አይወድም።»

«አየህ? ደካማዋን ብትይዝ ኖሮ ከአሥሩ ስምንቱን 'ይቅርብኝ' ትል ነበር። መኪናዋ የጨመረችልህን ደኅንነት እግርህ ይበላዋል።»

«ፍሬኗስ? ኤርባጓስ? ዓለም ሁሉ የመሰከረላት መኪና እኮ ናት!»

«ኤርባጉ ለአንተ ነው። ለከብቱ አለው? ለእረኛዪቱ አለው?»

«ከብትማ ሊሻገር ሲል ነዳጅ እሰጣታለሁ፤ ቀድሜው አልፋለሁ። ጉልበት ለዚህ ነው የሚጠቅመው!»

አቶ ወልደሥላሴ ራሳቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። «የቆላ ልጅ ሆነህ እንዲህ ትላለህ? ግልገሏ ተሻግሮ እናቲቱ ወዲህ ማዶ ከቀረች ክላክስ በሰማች ቁጥር የምትሮጠው ወደ ጫካ መሰለህ? ወደ ልጇ ነው! አንድ ከተሻገረ ሁሉም ይሻገራል። ይህን የአምስት ዓመት ሕፃን ያውቀዋል!»

«እንዳለፈው ሳምንት» አለ ኩራ ቀስ ብሎ።

ኢያሱ አፈጠጠበት። ኩራ ግን የተናገረውን የሚውጥ ሰው አይደለም። «ምን ታፈጥጥብኛለህ? የጎን መስታወቷን ያሰርኩልህ እኔ አይደለሁም እንዴ? የግመል ፀጉር ተለጥፎበት ነበር።»

«ሃይሚ አብራህ ነበረች?» አሉ አባት። ኢያሱ ጎማውን ማየት ጀመረ። «ኢያሱ፣ ልጄ ነበረች ወይ?»

«ነበረች። ግን አባባ፣ ያዳነን እኮ ጉልበቷ ነው! ደካማ ብትሆን ኖሮ ግመሏ መሐል ለመሐል ታገኘን ነበር።»

«ባትፈጥን ኖሮ ቆመህ ታሳልፋት ነበር፣ አንተ ሰው!»

የማያውቅን ሰው ማስረዳት ቀላል ነው፤ አንዴ ሲገባው ያመሰግናል። ተምሮ ያወቀውን በወረቀት ላይ ትቶ የሚነዳ ሰው ግን አንጀት ያቃጥላል። አቶ ወልደሥላሴ ራሳቸው ከስድስተኛ ክፍል አላለፉም፤ ከመሐንዲሶች ጋር ሜትር ሲጎትቱ ስለኖሩ ግን ማን ምን እንደተማረ ያውቃሉ።

«እስቲ ንገረኝ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የፍሬኑ ርቀት ስንት ይሆናል?»

«አራት እጥፍ» አለ ኢያሱ፣ ሳይታወቀው እንደ ተማሪ ፈጥኖ።

«ታዲያ ታውቀዋለህ!»

«ዐውቃለሁ፤ ግን የይቺ ፍሬን...»

«የእሷን ፍሬን አስላልኝ። ዓይን አይቶ፣ ልብ ደንግጦ፣ እግር ፍሬን እስኪደርስ ያለውንም ጨምረህ።»

ኢያሱ የሚረታቸው መስሎት በደስታ ስልኩን አወጣ። እግር ፍሬን እስኪደርስ አንድ ሰከንድ ተኩል ብሎ ያዘ፤ ለመኪናዋም ጥሩ ፍሬን ሰጣት። በስልሳ ሲነዳ ሃያ አምስት ሜትር ፍሬን ሳይነካ ይሄዳል፤ ከዚያ በሃያ ሜትር ይቆማል። በመቶ ሃያ ሃምሳ ሜትር ፍሬን ሳይነካ ይሄዳል፤ ከዚያ በሰማንያ ሜትር ይቆማል።

«መቶ ሠላሳ ሜትር ነው። ምንም አይደለም፤ መንገዱ ሰፊ ነው» አለ።

«አራት እርምጃዬ ሦስት ሜትር ነው፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ተለክቷል። ና፣ እንሂድ።»

«ወዴት?»

«በእግራችን እንነዳለን!»

በዚህ መሐል ሃይሚ ጥቁር ጃንጥላ ዘርግታ፣ ወገቧን ደግፋ ከጤና ጣቢያው በኩል መጣች። ከሩቅ ድምፃቸውን ሰምታለች። «አሁንም ስለ መኪና ነው? አባዬ፣ አንቱ በዚህ ፀሐይ? አንተስ ኢያሱ፣ ጎማ ማስነፋት ግማሽ ቀን ይፈጃል? እኔ የሁለታችሁ ጉዳይ ሰልችቶኛል!»

ኩራ የግመሏንም የእርምጃውንም ነገር በአማርኛም በኦሮምኛም ቀላቅሎ ነገራት። ሰምታ ስትጨርስ ባሏን ትክ ብላ አየችው።

«የት ጋ ነው ግመሏ የምትቆመው?»

«ስልሳ አንደኛው እርምጃ ላይ» አሉ አባቷ።

«እንግዲያው ግመሏ እኔ ልሁን።»

«ሃይሚ፣ ተይ» አለ ኢያሱ።

«ምን አለበት? በእግር እኮ ነው!»

አስፋልቱ ዳር ባለው የአፈር መንገድ ላይ አባት ለክተው አቆሟት። ጃንጥላዋን ትከሻዋ ላይ ጥላ ቆመች። አቶ ወልደሥላሴ ተመልሰው መጀመሪያው ላይ ቆሙ። «እኔ በስልሳ የምሄደው ነኝ። አየኋት!» አሉና እያነከሱ መቁጠር ጀመሩ። ሠላሳ ሦስት ላይ «እግሬ ፍሬን ደረሰ» ብለው ጮኹ። ሃያ ሰባት ጨመሩና ስልሳው ላይ ቆሙ። ከልጃቸው የአንድ እርምጃ ርቀት ላይ ናቸው። ግንባሯን ሳሙ።

«አሁን አንተ፣ በመቶ ሃያ። እስከ ስልሳ ሰባት ድረስ እግርህ ፍሬን አልነካም። ከዚያ በኋላ መቶ ሰባት እርምጃ ፍሬን ትይዛለህ።»

ኢያሱ ፈገግ እያለ ተነሣ። ኩራ ጎማ መፍቻውን እንደያዘ ከጎኑ እየተራመደ ይቆጥርለታል። ሠላሳ ላይ ኢያሱ ይቀልዳል። አርባ አምስት ላይ ቀልዱን ተወ። ሃምሳ ላይ እርምጃውን ሊያሳጥር ሞከረ፤ «አታጭበርብር!» አለ ኩራ። ስልሳ ላይ የሃይሚ ሆድ ሊነካው አንድ እርምጃ ቀረው። ቆመ።

«ለምን ቆምክ?» አሉ አማቱ። «ፍሬን ለመንካት ገና ሰባት እርምጃ ይቀርሃል። እኔ ቆሜ በጨረስኩበት ቦታ ላይ አንተ እግርህን ከነዳጁ ላይ እያነሣህ ነው። እለፍ እንጂ!»

«አልችልም።»

«መኪናዋ ግን ትችላለች» አለች ሃይሚ።

ኢያሱ ወደ ኋላ የመጣበትን መንገድ አየ፤ ወደ ፊትም የሚቀረውን መቶ አሥራ አራት እርምጃ አየ፤ እስከ እህል በረንዳው ድረስ ነው። «ይህን ቁጥር እኮ እኔው ራሴ ነኝ ያወጣሁት» አለ። «ፍሬን ብይዝም አልደርስም ነበር። ሃይሚ፣ ያን ቀን ግመሏን ሳያት ምንም አላደረግሁም። ለማድረግ ጊዜ አልነበረኝም። ማምለጤን ብልሃት አደረግሁት።»

«ዐውቃለሁ» አለች። «አጠገብህ ነበርኩ።»

አቶ ወልደሥላሴ ቁጣቸው በረደላቸው። ትከሻውን ያዙት። «ልጄ፣ መኪናህን ሽጣት አላልኩህም። ጠንካራ ናት፤ ፍሬኗም ኤርባጓም በረከት ነው። ነገር ግን ለችግር ቀን የተቀመጠን በየቀኑ አትብላው።»

«ታዲያ ጉልበቷ ለምን ይሁን አባባ?»

«ለቦሬ ዳገት፣ ለጭቃ፣ ለጎርፍ። አንድ የሚንፏቀቅ ጭነት ለመቅደምም ይሁን፤ ከዚያ ወዲያ በልክህ ሂድ። ጎማህ ይሰነብታል፤ ነዳጅህ ይተርፋል፤ እረኛው ከሩቅ ሲያይህ ድንጋይ አያነሣም፤ ሚስትህም የበሩን እጀታ ጨብጣ ውላ እጇ አይዝልም። ከሁሉ በላይ ዓይንህ ያየውን እግርህ ይደርስበታል።»

«ማሎ፣ እባክዎ አባ ወልዴ!» አለ ኩራ መፍቻውን ወደ ሰማይ አንሥቶ። «ጎማው ከሰነበተ እኔ ምን በልቼ ልደር?»

ሁሉም ሳቁ፤ ሃይሚ ግን ሆዷን ይዛ «አታስቁኝ፣ ምጤ ሊመጣ ነው!» አለች።

ዓርብ ማለዳ ሦስቱ ተነሡ። አቶ ወልደሥላሴ ከኋላ ተቀመጡ፤ አፋቸውን ሊይዙ ምለዋል። ኢያሱ በሰባ ይነዳል። ሰውና ከብት በበዛበት ሲደርስ ስልሳም አይሞላ። አንድ ሚኒባስ ክላክሱን እያንባረቀ ቀደማቸው፤ ረዳቱ በመስኮት ወጥቶ «የቀብር መኪና ነው እንዴ!» አላቸው። የኢያሱ ጆሮ ቀላ፤ ቀኝ እግሩ ግን ባለበት ቆየ። ሽማግሌው ይህን ከኋላ አይተው «ተባረክ» አሉ በልባቸው። ቁጣን መዋጥ ለተማረም ላልተማረም እኩል ይከብዳል፣ ልጆቼ፤ የዋጠ ግን ቤቱ ይገባል።

ክብረ መንግሥት ሳይደርሱ አንዲት ጥጃ ብቻዋን አስፋልቱን አቋረጠች። ኢያሱ ገና ከሩቅ እግሩን አነሣ። ክላክስ አልነፋም። መኪናዋ እያዘገመች መጥታ ራቅ ብላ ቆመች። እናቲቱ ተሻገረች፤ ከኋላዋ ሠላሳ የሚሆኑ ከብቶች፣ ከዚያም አንዲት እረኛ። እረኛዪቱ በትሯን ከፍ አድርጋ «ናጋ!» አለችው። እሱም እጁን አነሣላት።

ከዚያ ወደ ጎኑ ዞሮ ሃይሚን አይታ እንደሆነ ሊጠይቃት ሲል፣ አባቷ ከኋላ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ። በዚህች መኪና ውስጥ ዓይኗን ከድና የማታውቀው ሃይሚ፣ ራሷን መስኮቱ ላይ ጥላ ተኝታለች። ሲቆምም፣ ከብቱ ሲያልፍም፣ እንደገና ሲነሣም አልነቃችም።