የአስተማሪዋ ባዶ ጓሮ

አምለሰት ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ ስትደርስ የቡሬው ሚኒባስ ገና ግማሹ እንኳ አልሞላም ነበር። ረዳቱ «አንድ ሰው የቀረው!» እያለ ይጮኻል፤ ውስጥ የተቀመጡት ግን አራት ናቸው። ወሩ ጥር ነበር። ከጠዋት ጀምሮ ስብሰባ ላይ ስለዋለች ወገቧ ዝሏል። ከመስኮቱ አጠገብ ገብታ ራሷን ከመስታወቱ አስደግፋ ዓይኗን ልትከድን ስትል፣ «ልጄ፣ ከጎንሽ ሰው አለ?» የሚል ድምፅ ሰማች።

ቀና ብላ ብታይ መሪጌታ ክንፈሚካኤል ናቸው። መሪጌታ በሾላ ቂርቆስ ደብር ሠላሳ ዓመት ቅኔ ያስተማሩ፣ በአገሩ ሁሉ የሚከበሩ ሽማግሌ ናቸው። አምለሰት ደግሞ የዚያው ቀበሌ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከደጃፍ ደጃፍ እየዞረች ስለ መጸዳጃ ቤት፣ ስለ ክትባት፣ ስለ ጓሮ አትክልት ስትናገር ኖራለች። ሰዉ ያዳምጣታል፣ ይመርቃታል፣ ከዚያ ወደ ሥራው ይሄዳል።

«ይግቡ የኔታ» ብላ ተነሥታ የመስኮቱን ቦታ ለቀቀችላቸው።

መሪጌታ ተቀምጠው የያዙትን ፌስታል ጭናቸው ላይ አኖሩ። ከፌስታሉ አፍ ጠርዙ ቢጫ የሆነ፣ የጠወለገ ቆስጣ ብቅ ብሏል።

«ለማን ነው?»

«ለእናኑ ነዋ። ለምርመራ ይዣት መጥቼ የደምሽ መጠን ዘጠኝ ነው፣ አንሷል አሏት። ኪኒን ሰጧት፤ ቅጠላ ቅጠልም ብዪ አሏት። እሷን እስከ ነገ አክስቷ ቤት አሳርፌ ገበያውን ብዞር ያገኘሁት ይኸው ነው። ያለፈው ሳምንት መንገድ ተዘግቶ ስለ ሰነበተ ምንም አልገባም አሉኝ።»

አምለሰት ልቧ ደነገጠ። እናኑ የመሪጌታ አንዲት ልጅ ናት። ዓምና የበኩሯን ስትወልድ ደም ፈስሷት ልጇ አልተረፈም፤ እሷም ከሞት አፋፍ ነው የተመለሰች። ያን ቀን በቃሬዛ ተሸክመው እስከ አስፋልቱ ሲያወጧት አምለሰት እጇን ይዛ አብራ ሮጣለች። አሁን እናኑ ዳግመኛ የአራት ወር ነፍሰ ጡር ናት፤ ባሏ ሥራ ፍለጋ ስለ ራቀ ከአባቷ ቤት ትኖራለች።

«የኔታ፣ አይቆጡኝና፣ ይህ ቅጠል ቤት ሳይደርስ የሚያልቅለት ነው። ከራስዎ ጓሮ ቢቆርጡላት አይሻልም ነበር?»

መሪጌታ በረጅሙ ተነፈሱ። «ይህን ነገርሽን በየዓመቱ ሰምቼዋለሁ ልጄ። እኔ ልጅ ሳለሁ ክረምቱን ሙሉ ጎመን እንበላ ነበር፤ እህል ስላለቀ ነው እንጂ ወደን አልነበረም። መስከረም ሲጠባ እናቴ ‹የጎመን ምንቸት ውጣ፣ የገንፎ ምንቸት ግባ› ስትል ቤቱ በእልልታ ይሞላል። ያን ምንቸት መልሼ ላስገባው? ጎረቤቱስ የመሪጌታ ጎተራ ጎደለ አይለኝም?»

«ጎመኑን ያስከፋው ብቻውን መበላቱ ነው እንጂ እሱ ምን በደለ? እኔ ገንፎውን ያውጡ አላልሁም። ጤፉም በቆሎውም ይኑር። ግን ሽሮ ብቻ ሆድ ይሞላል እንጂ ደም አይተካም። ጾሙ ደግሞ እየመጣ ነው።»

«እሱማ እኔንም ያስጨንቀኛል። የንስሐ አባቷ እንድትበላ ፈቅደውላት ነበር፤ እሷ አሻፈረኝ አለች።»

«እንግዲያው በጾም የሚበላ ነገር ያስፈልጋታል ማለት ነው።»

«ውሃውስ? ምንጩ እሩቅ፣ ቁልቁለቱ ክፉ። ዶሮውስ? የኛ ጓሮ በበጋ እንደ አውድማ ነው። ደግሞ እኔ መሬት ባርስም ዘመኔን ከእህል በቀር አልዘራሁም፤ ቅጠል እንዴት እንደሚበቅል አላውቅም። ምሥጢሩን ሳያውቁ ማዜም ይሆንብኛል።»

ሚኒባሱ በመጨረሻ ሞልቶ ተንቀሳቀሰ። አምለሰት እንደ ልማዷ ቀጠለች፤ መደቡ ሁለት እርምጃ ቢሆን በቂ እንደ ሆነ፣ ፍግ እንደሚያስፈልግ፣ አጥር እንደሚታጠር፣ ሁሉንም በሥልጠና እንደ ተማረችው አንድ በአንድ ተናገረች። ድምፅዋ እንደ ተሰለቸ ጸሎት አንድ ዓይነት ነበር። መሪጌታ ሳያቋርጧት ሰምተው ሲያበቁ ዘወር ብለው አዩዋት።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እውነቱን ትነግሪኛለሽ?»

«እሺ የኔታ።»

«ካንቺ ጓሮ ምን አለ?»

አምለሰት የምትኖረው በጤና ኬላው ግቢ ባለች አንዲት ክፍል ነው። ከጀርባዋ የተጠቀጠቀ መሬት፣ የተሰበረ አግዳሚና አሮጌ በርሜል አለ። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ይህን ጥያቄ ማንም ጠይቋት አያውቅም፤ እሷም ራሷን ጠይቃ አታውቅም። ልትዋሽ አፏን ከፈተች፤ ግን ለመዋሸትም አቅም ይጠይቃል።

«ምንም የለም የኔታ» አለች። «ትናንት ማታ የበላሁት እንጀራ በበርበሬ ነው። ሲነጋ እወጣለሁ፣ ሲመሽ እገባለሁ፣ ከዚያ ሪፖርት እሞላለሁ። በሥልጠናው ዘር ሲሰጠን ለሰው አከፋፍዬ ነው የመጣሁ። አንድም ቀን በእጄ ዘርቼ አላውቅም። እኔ ራሴ ደክሞኛል።»

መሪጌታ ይስቁብኛል ብላ ነበር፤ እሳቸው ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። «ጎሽ ልጄ። አሥራ አንድ ዓመት ስታስተምሪኝ ያላመንሁሽ፣ አሁን አላውቅም ስትዪኝ አመንሁሽ። እኔም ተማሪ ሳለሁ የወደድሁት ‹ይህን እኔም አልደረስሁበትም› የሚለውን መምህር ነበር። በይ እንግዲህ፣ አንቺም በግቢሽ፣ እኔም በጓሮዬ እንሞክረው። ካልሆነም ሁለታችንም ዝም እንላለን።»

ሰው ለብዙ ጊዜ የተናገረውን ራሱ ሊሠራው ሲነሣ ነገሩ የቱን ያህል ከባድ እንደ ሆነ የሚታወቀው ያኔ ነው። አምለሰትም ይህንን በሁለት ሳምንት ውስጥ ተማረችው። በግቢዋ በቆፈረችው መደብ ላይ ከበረት የወጣውን ትኩስ እበት እንዳለ ደፋችው፤ የቆስጣው ቡቃያ ተቃጠለ። የካሮቱን ዘር ጣቷ እስኪጠልቅ ቀበረችው፤ ሳይወጣ ቀረ። የተረፈውን ደግሞ ጊዜ የምታገኘው በቀትር ስለ ነበር በጠራራ ፀሐይ እያጠጣች አከሰመችው። የመሪጌታም ዕጣ ከዚህ አልተሻለም። የጎመኑ ችግኝ በጸደቀ በሦስተኛው ቀን ከቅዳሴ ሲመለሱ ዶሮዎቹ መደቡን ጭረው፣ ችግኙን ነጭተው፣ በአፈሩ ላይ ተኝተው ፀሐይ ይሞቃሉ።

አምለሰት ልትጠይቃቸው በሄደች ጊዜ መሪጌታ መቋሚያቸውን ተደግፈው ከባዶው መደብ አጠገብ ቆመው አገኘቻቸው።

«እንግዲህ ዝም እንላለን ብለን አልነበር?» አሉ። «የኔ ዕድሜ ለመጀመር አልፏል። ቆስጣውን ከፍኖተ ሰላም አመጣላታለሁ።»

«መንገድ ሲዘጋስ?»

«ሲከፈት አመጣላታለኋ።»

«ደም መንገድ እስኪከፈት አይጠብቅም የኔታ» ልትል ነበር፤ ግን የራሷ የተቃጠለ መደብ ትዝ ብሏት ተወችው። 

ይህን ጊዜ እናኑ ከቤቱ ጀርባ ብቅ አለች። ከንፈሯ ነጥቷል፤ ጥቂት ስትራመድም ልቧ ይመታል። «አባባ፣ እትዬ፣ ሁለታችሁም ስለ እኔ ትከራከራላችሁ» አለች። «የምወልደው እኔ ነኝ። ያን ቀን በቃሬዛ ስሄድ ሰማዩን እያየሁ፣ ድጋሚ ዕድል ካገኘሁ ለራሴ አንድ ነገር አደርጋለሁ ብዬ ነበር። ማንም ግን ምን ታደርጊያለሽ ብሎ የጠየቀኝ የለም። ኑ፣ የማሳያችሁ አለ።»

ተከትለዋት ሄዱ። ዕቃ አለቅልቃ ውሃውን በምትደፋበት፣ ከግድግዳው ሥር ከሰዓት በኋላ ጥላ በሚያርፍበት ቦታ፣ ማንም ሳይተክላት አንዲት ጎመን በቅላ ቆማለች። ቅጠሏ እንደ ሰፌድ ሰፍቷል።

«ለዚህች ማን ውሃ ቀዳላት?» አለች እናኑ። «የምንደፋውን ጠጥታ ነው ያደገች። እናንተ መደቡን የሠራችሁት ሰው በሚያየው በኩል ነው፤ እሱ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ነው።»

መሪጌታ ጎንበስ ብለው ቅጠሏን በጣታቸው ዳሰሱ።  ከዚያ ለራሳቸው እንደሚናገር ሰው፣ «ደም ከሥር ነው» አሉ። አምለሰት ግራ ገብቷት ስታያቸው ፈገግ ብለው ፈቱላት። «ሰሙ የገላ ሥር ነው፤ ደም በእሱ ይሄዳል። ወርቁ ይህ ከአፈር የገባው ሥር ነው። ሠላሳ ዓመት እንዲህ ያለውን ባለ ሁለት ፍቺ ኅብር ሳስተምር ይህች ከጓሮዬ ነበረች። በሉ፣ ለአጥሩ እሾህ ቆርጬ ላምጣ።»

በዚያው ሳምንት ሁለት መደብ ከግድግዳው ሥር ተሠራ። አሁን እበቱ ከርሞ አፈር የመሰለው ብቻ ተመረጠ። የካሮቱ ዘር በስሱ ተበትኖ አፈር ለስሙ ያህል ተነሰነሰበት። ጥላ እንዲሆነው የሣር ዳስ ተሠራለት፤ ዙሪያው በእሾህ ታጠረ። መሬቱ እንዳይደርቅ ጭድ ጎዘጎዙለት። ያለቀለቁበትን ውሃ ጠዋትና ማታ እናኑ ታፈስስበታለች፤ እሷ ሲደክማት መሪጌታ ራሳቸው ጄሪካን ይዘው ወደ ምንጩ ይወርዳሉ። መሪጌታ ቅጠል ሲያጠጡ ያየ ጎረቤት ሁለት ቀን ሳቀ፤ በሦስተኛው ቀን ሌላ ወሬ አገኘ። አምለሰትም ያንኑ በግቢዋ ደገመች። ድካሟ አልቀነሰም፤ እንዲያውም አንድ ሥራ ተጨመረባት። ግን ማታ ስትመለስ ከበር በፊት የምታየው አረንጓዴ ነገር ነበራት።

ለደብረ ዘይት ሰንበት እናኑ የመጀመሪያውን ቆስጣ ቆረጠች። ግንቦት ላይ ስትመረመር ደሟ አሥራ አንድ ገባ። ሰኔ ላይ ጤና ጣቢያ ሄዳ ወንድ ልጅ ወለደች፤ እንደ ዓምናው ደም አልፈሰሳትም። መሪጌታ «ቅጠሉ አዳናት» ሲሉ አምለሰት አረመቻቸው። «ኪኒኑም ነው የኔታ፤ ክትትሉም፣ ጤና ጣቢያ መውለዷም ነው። ቅጠሉ ከእነሱ ጋር ነው የረዳት።» መሪጌታም እርማቱን እንደ ጥሩ ተማሪ ተቀበሉ።

ነሐሴ ላይ የሰንበቴው ማኅበር ሲሰበሰብ መሪጌታ ተነሥተው ተናገሩ። «እኔ የጎመን ነገር የረሃብ ነው ስል የኖርሁ ሰው ነኝ፤ ተሳስቻለሁ። ረሃብማ ገበያ ቆሞ የጠወለገ ቅጠል እየመረጡ ለልጅ ማሰብ ነው። አሁን መንገድ ቢዘጋ ድስታችን ባዶውን አያድርም። በጾም ገበታችን ሽሮ ብቻ አይደለም። ስንደፋው የኖርነው ውሃ ሥራ አገኘ። የምታጠቡ፣ የምታረግዙ፣ ልጅ የምታሳድጉ ሁሉ፣ ከቤታችሁ ጀርባ ሂዱና እዩ። ወንዶችም እፍረታችሁን ትታችሁ ጄሪካኑን አንሡ።»

ከዚያ ሴቶቹ ችግኝ ለማየት ወደ መሪጌታ ጓሮ ጎረፉ። አምለሰት ቦርሳዋን ከትከሻዋ አስተካክላ፣ እንደ ልማዷ ልትጀምር ጉሮሮዋን ጠረገች። እናኑ ግን ልጇን እንዳዘለች ቀድማ መደቡ ላይ አጎንብሳ ነበር። «መጀመሪያ ውሃ የምትደፉበትን ፈልጉ» ትላለች። «ትኩስ እበት እንዳታደርጉ፤ እሱ ይፈጀዋል። የኛን የመጀመሪያ ችግኝ ዶሮ ፈጀብን። የእትዬን ደግሞ እበቱ አቃጠለባት፤ ጠይቋት።»

ሴቶቹ ሳቁ፤ አምለሰትም ሳቀች። አንዲቱ ስለ ዶሮ ጠየቀች፣ ሌላይቱ ስለ ካሮት፤ እናኑ ለሁሉም በየተራ መለሰች።

«እትዬ፣ የምትጨምሪው አለ?»

አምለሰት ዙሪያዋን አየች። ከግድግዳው ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ ነበር። ቦርሳዋን አውርዳ ተቀመጠችበት፤ እግሯንም ዘረጋች።

«የለኝም» አለች። «አንቺው ቀጥዪ፤ እሰማሻለሁ።»